«ሳይኮ ነው!» ከማለታችን በፊት፦ ስኮት ሊሊየንፌልድ እና ሳይኮፓቲን የመለካት ጣጣ

«ተዪው እባክሽ፣ ሳይኮ ነው እኮ!»

ይቺን አባባል በዚህ ሳምንት ብቻ ስንት ጊዜ ሰማችኋት? መልእክት አይቶ ያልመለሰ ልጅ ሳይኮ ነው። ቢሮ ውስጥ የሚጮህ አለቃ ሳይኮ ነው። ሳይሰናበት የጠፋ ፍቅረኛማ የሳይኮዎች ሁሉ አለቃ ነው። ቲክቶክ ላይ ደግሞ «ሳይኮፓት መሆንህን በ10 ጥያቄ እወቅ» የሚል ነገር በየጊዜው ይመጣል። እኛም ሞክረነዋል፣ አንዋሽም። ከመሃላችን ጉንዳን ብትረግጥ የምትጸጸተው ልጅ «አደገኛ» ተብላ ወጣች፤ እስካሁን እየሳቅንባት ነው።

ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ከዚህ ቃል ጀርባ ከ80 ዓመት በላይ የዘለቀ ጥናት አለ። ፍርድ ቤት ውስጥ የሰውን ዕጣ የሚወስን ነጥብ አለ። በባለሙያዎቹ መካከልም ጠበቃ እስከማቆም የደረሰ ክርክር አለ። ዛሬ ይህን ሁሉ በአንድ ሰው ሥራ በኩል እናየዋለን፤ ሰውየው አሜሪካ አትላንታ በሚገኘው ኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ስኮት ሊሊየንፌልድ ናቸው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ሳይኮፓት ማለት «ያበደ» ማለት አይደለም። የሌለ ድምፅ መስማት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ከእውነታው ዓለም ጋር መለያየት፣ ይህ ሳይኮሲስ ይባላል፤ ሌላ ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው። ሁለቱ ቃላት ስለሚመሳሰሉ ብቻ ስንቱ ታማሚ በማያውቀው ስም እንደተፈራ ቤቱ ይቁጠረው። ሳይኮፓት የሚባለው ሰው ግን የሚያደርገውን ያውቃል። አነጋገሩ ይማርካል፣ ሲታይ ረጋ ያለ ነው። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፦ ጸጸት፣ የሌላውን ሕመም እንደራስ መሰማት፣ ጥፋተኝነት።

ይህን ሥዕል ቁልጭ አድርጎ ያስቀመጠው ሄርቪ ክሌክሊ የሚባል የጆርጂያ ግዛት የአእምሮ ሐኪም ነው። በ1941 ባሳተመው «የጤነኝነት ጭምብል» ሊባል በሚችል መጽሐፉ ውስጥ ያስተናገዳቸውን ሰዎች ታሪክ አንድ በአንድ ይተርካል። እዚህ ጋ ልብ በሉ፤ አብዛኞቹ ነፍሰ ገዳዮች አልነበሩም። ቃላቸውን የማይጠብቁ፣ ያለ ምክንያት የሚዋሹ፣ ቤተሰብ የሚበትኑ፣ ተይዘውም የማያፍሩ ሰዎች ነበሩ። ፊልም የሰጠን ቢላ የያዘው ሰውዬ ከክሌክሊ መጽሐፍ የወጣ አይደለም።

ታዲያ ቢላውን ማን አስያዘው?

በከፊል መልሱ እስር ቤት ነው። በ1960 ሮበርት ሄር የሚባሉ ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ እስር ቤት ሥራ ጀመሩ። ችግራቸው ቀላልና ከባድ ነበር፦ አንዱ ተመራማሪ «ሳይኮፓት» የሚለውን ሌላው «ተራ ሌባ» ይለዋል፤ የጋራ ሚዛን የለም። ሚዛኑን ራሳቸው ሠሩ። የመጀመሪያው ዝርዝር በ1980 ወጣ፣ ተሻሽሎ ደግሞ በ1991። 20 መመዘኛዎች አሉት፤ እያንዳንዱ 0፣ 1 ወይም 2 ይሰጠዋል፤ ጣሪያው 40 ነው። ሰውየው ቁጭ ብሎ ቅጽ አይሞላም። የሠለጠነ ባለሙያ ረጅም ቃለ መጠይቅ ያደርግለታል፣ ከዚያ የእስር ቤቱን፣ የፖሊሱን፣ የትምህርት ቤቱን ፋይል ያገላብጣል፣ የተነገረውን ከተጻፈው ጋር ያስተያያል። ለምን ቢባል፣ ውሸት መናገር የሚችልበትን ሰው ቃል ብቻ ይዞ መፍረድ አይቻልማ!

የሄር ሚዛን በመስኩ ትልቁ መሣሪያ ሆነ፤ እስከ ዛሬም ነው። ነገር ግን ሚዛኑ የተወለደበት ቦታ አሻራውን ትቶበታል። እስር ቤት ውስጥ የምታገኘው የተያዘውን ነው። ያልተያዘውስ? ፋይል የሌለው፣ ሥራ ያለው፣ ሰፈር ውስጥ «ጨዋ ልጅ» የሚባለውስ?

ሊሊየንፌልድ የገቡት በዚህ ቀዳዳ ነው።

በ1960 ኒውዮርክ የተወለዱት ሊሊየንፌልድ የዶክትሬት ትምህርታቸውን በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ነው የተከታተሉት። እዚያ ዴቪድ ሊከን የሚባሉ ሰው ነበሩ። ሊከን በ1957 ያሳተሙት ሙከራ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ተሳታፊዎቹ ማንሻ እየጫኑ ትክክለኛውን መንገድ በጭንቅላታቸው የሚያጠኑበት ጨዋታ ተሰጣቸው፤ ከስህተቶቹ አንዳንዶቹ በኤሌክትሪክ ንዝረት ያስቀጣሉ። ሳይኮፓቶቹ መንገዱን እንደማንኛውም ሰው አጠኑት። ንዝረቱን መሸሽን ግን ሌሎቹን ያህል አልተማሩም። ከዚህ በመነሳት ሊከን ዋናው ጉድለት ፍርሃት ነው አሉ። በሳቸው አስተሳሰብ ጀግናና ሳይኮፓት ከአንድ ዛፍ የበቀሉ ሁለት ቅርንጫፎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያው ፍርሃት የለሽ ልጅ በጥሩ እጅ ካደገ እሳት አደጋ ተከላካይ ይሆናል፣ ካልሆነ ሌላ።

ሊሊየንፌልድ ለዶክትሬታቸው የሠሩት መጠይቅ በ1996 ከብራያን አንድሪውስ ጋር ታተመ። 187 አረፍተ ነገሮች አሉት፤ መልስ ሰጪው እያንዳንዱ እሱን ምን ያህል እንደሚገልጸው ከአራት ምርጫ አንዱን ይመርጣል። በ2005 ከሚሼል ዊዶውስ ጋር ሆነው ወደ 154 አሳጠሩት። የተሞከረው ወንጀለኞች ላይ ሳይሆን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ነው። ትልቁ ልዩነቱ ደግሞ ይህ ነው፦ ስለ ወንጀል አይጠይቅም። ሰርቀሃል ወይ፣ ታስረሃል ወይ የሚል ነገር የለበትም። የሚፈልገው ከድርጊቱ በስተጀርባ ያለውን ስብዕና ነው፤ ጥፋትን በሌላ ማሳበብ፣ ሰውን እንደ ዕቃ መጠቀም፣ ለነገ አለማሰብ፣ በጭንቅ ሰዓት አለመደናገጥ፣ ልበ ደንዳናነት እና የመሳሰሉት፣ በድምሩ ስምንት ዘርፍ።

አሁን «ቆይ ቆይ» የምትሉበት ቦታ ደርሰናል። ውሸታም መሆኑን የጠረጠርከውን ሰው ራሱን ጠይቀህ ምን ልታገኝ ነው?

ጥያቄው ትክክል ነው፣ ሊሊየንፌልድም ሲጽፉበት ኖረዋል። ከአንዱ መልስ እንጀምር፦ መጠይቁ ውስጥ ወጥመድ አለ። ማንም ሰው በሐቅ «አዎ» ሊላቸው የማይችሉ ከመጠን ያለፉ ደግነቶች ተቀላቅለውበታል፤ እነሱ ላይ «አዎ፣ አዎ» እያለ የሄደ ሰው ራሱን እያሳመረ መሆኑ ይታወቃል። በግዴለሽነት ያገኘውን ሁሉ የሚመልስንም የሚይዙ ሌሎች አሉ። ግን ከዚህ ይልቅ የሚገርመው በ2013 የታተመውና ሊሊየንፌልድም የተሳተፉበት የብዙ ጥናቶች ድምር ነው። በዚህ ዓይነት መጠይቅ ላይ ከፍተኛ ነጥብ ያገኙ ሰዎች ራሳቸውን አሳምረው የማቅረብ ዝንባሌያቸው ከሌላው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ምን መሰላችሁ፣ «ሰው ሲያለቅስ ምንም አይመስለኝም» ማለት ለእኛ ነውር ነው፤ ለእሱ ግን የሚደበቅ ነገር ላይመስለው ይችላል። ይህ ሲባል ታዲያ ጥናቶቹ ባብዛኛው መልሱ ምንም የማያስከትልባቸውን ሰዎች የሚመለከቱ ናቸው። አመክሮ የሚጠብቅ እስረኛ ወረቀቱ ፊት ሲቀመጥ ሌላ ጉዳይ ነው።

የማይፈታ ችግርም አለ። ጨው ቀምሶ የማያውቅን ሰው «ወጡ ጨው አነሰው?» ብላችሁ ብትጠይቁት ምን ይላችኋል? ጥፋተኝነት ተሰምቶት የማያውቅ ሰው «ብዙ ጊዜ ጸጸት ይሰማሃል?» ሲባል ሳይዋሽም ሊሳሳት ይችላል፤ ቃሉን ያውቀዋል፣ ስሜቱን ግን ከምን ጋር ያመሳክረው? ለዚህም ነው መጠይቅ የሄርን ዓይነት ምዘና ሙሉ በሙሉ የማይተካው።

አንድ ነገር ነው ወይስ ሁለት?

እስካሁን ያልነው ሁሉ መንደርደሪያ ነበር፤ ዋናው ጭቅጭቅ እዚህ ነው።

በ2003 ሌሎች ተመራማሪዎች የሊሊየንፌልድን መጠይቅ ውጤቶች በስታቲስቲክስ ሲፈትሹ ከስምንቱ ዘርፎች ሰባቱ በሁለት ጎራ ተከፈሉ። አንደኛው «ፍርሃት የለሽ የበላይነት» ነው፤ ሰው ፊት አለመደናገጥ፣ አለመጨነቅ፣ አደጋን አለመፍራት። ሁለተኛው «ራስ ወዳድ ችኩልነት» ነው፤ ሰውን መጠቀሚያ ማድረግ፣ ሳያስቡ መግባት፣ ሕግን መናቅ፣ ጥፋትን ማሳበብ። ልበ ደንዳናነት ከሁለቱም አልገጠመ፣ ብቻውን ቆመ። አስገራሚው ነገር፣ ሁለቱ ጎራዎች እርስ በርሳቸው ብዙም አይገናኙም። በአንዱ ከፍ ያለ ሰው በሌላው ዝቅ ሊል ይችላል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። «ሳይኮፓት» የምንለው ነገር እንደ ስኳር በሽታ አንድ ነገር ላይሆን ይችላል ማለት ነው። የተለያዩ ባሕርያት አንድ ሰው ላይ ሲገጣጠሙ የሚፈጠር ውህድ ሊሆን ይችላል።

በ2012 ሊሊየንፌልድና ባልደረቦቻቸው ይህን ሐሳብ ማንም ባልጠበቀው ቦታ ሞከሩት፦ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ላይ። እስከ ጆርጅ ደብሊው ቡሽ ያሉትን 42 ፕሬዚዳንቶች ስብዕና ከ100 በላይ የታሪክ ጸሐፊዎችና ሌሎች አዋቂዎች የሰጡትን ነጥብ ወሰዱ፤ ከዚያ የታሪክ ምሁራን ስለ እያንዳንዱ ፕሬዚዳንት የሥራ ውጤት ከሰጡት ደረጃ ጋር አስተያዩት። በፍርሃት የለሽ የበላይነት አንደኛ የወጡት ቴዎዶር ሩዝቬልት ናቸው፤ ጆን ኤፍ ኬኔዲም ከላይኞቹ አንዱ ናቸው። ይህ ባሕርይ ከተሻለ አመራር፣ ሕዝብን ከማሳመንና ቀውስን ከመወጣት ጋር አብሮ ሄደ። ራስ ወዳድ ችኩልነት ግን ከመልካም አመራር ጋር አልሄደም፤ ይልቁንም ከሥልጣን ይነሱ የሚል ሐሳብ ኮንግረስ ውስጥ ከመቅረቡ ጋርና ከመሳሰሉት ጣጣዎች ጋር ነው የተገናኘው። በጊዜው ብዙ ሚዲያ «ፕሬዚዳንቶች ሳይኮፓት ናቸው» ብሎ ዘገበው። ጥናቱ እንደዚያ አይልም፤ እንዲያውም የሚለው አንዱ የሳይኮፓቲ ቁራጭ ብቻውን ሲሆን ላይጎዳ ይችላል ነው። ደካማ ጎንም አለው፤ ነጥቡን የሰጡት ሰዎች የፕሬዚዳንቱን ውጤት አስቀድመው ያውቃሉ። አንድን መሪ ታላቅ ነው ብሎ የሚያምን ሰው «ደፋርም ነበር» ለማለት አይቸገርም።

ተቃውሞው ወዲያው መጣ። ዶናልድ ላይናም እና ጆሹዋ ሚለር የሚባሉ ተመራማሪዎች እንዲህ ሲሉ ተከራከሩ፦ ፍርሃት የለሽ የበላይነት ያለው ሰው ባብዛኛው ደስተኛ ነው፣ ጭንቀት የለበትም፣ ከወንጀል ጋርም ያለው ግንኙነት እዚህ ግባ አይባልም። ታዲያ ይህ እንዴት የስብዕና ቀውስ አካል ይሆናል? ሊሊየንፌልድ በበኩላቸው ነገሩን ወደ ክሌክሊ መለሱት። ጭምብሉ እኮ ራሱ ያ ነው፤ መረጋጋቱ፣ መማረኩ፣ ያለ ፍርሃት ዓይን ዓይን ማየቱ። እሱን ካወጣችሁት የሚቀራችሁ ተራ ወንጀለኛ ነው። በ2009 ክሪስቶፈር ፓትሪክና ባልደረቦቻቸው ያቀረቡት ሞዴልም ወደዚህ ያደላል፤ ሳይኮፓቲን በድፍረት፣ በጭካኔና ራስን መግታት ባለመቻል ሦስት ቦታ ይከፍለዋል።

እውነቱን ለመናገር እኛ ወደ ሊሊየንፌልድ እናደላለን፤ ግን የተቃዋሚዎቹ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ሌላው ግጭት ከሄር ጋር የተያያዘ ነው። ጄኒፈር ስኪም እና ዴቪድ ኩክ የሚባሉ ባለሙያዎች «ወንጀል የሳይኮፓቲ ውጤት ነው ወይስ አካሉ?» ብለው የሄርን ሚዛን የሚተች ጽሑፍ አዘጋጁ። ሄር ሐሳቤ ተዛብቷል ብለው በስም ማጥፋት እንደሚከሱ አስታወቁ። ጽሑፉ ለዓመታት ዘግይቶ በ2010 ነው የወጣው።

ቁጥሩ ፍርድ ቤት ሲገባ

«ምሁራን ይጨቃጨቁ፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል ካለ እዚህ ላይ ቆም ይበል። በአሜሪካና በካናዳ ይህ ነጥብ በሰው ላይ ይፈረድበታል። አመክሮ ይሰጠው ወይስ አይሰጠው? ላልተወሰነ ጊዜ ይታሰር? በአሜሪካ ደግሞ የሞት ቅጣት ክርክር ላይ ሳይቀር «ይህ ሰው ወደፊትም አደገኛ ነው» ለማለት ሲቀርብ ቆይቷል።

በሰሜን አሜሪካ የተለመደው መቁረጫ ከ40 ነጥብ 30 ነው። በእንግሊዝ ብዙ ጊዜ 25 ይጠቀማሉ። እንግዲህ 27 ያገኘ ሰው ለንደን ውስጥ ሳይኮፓት ነው፣ ቶሮንቶ ሲደርስ አይደለም! በዚያ ላይ መሣሪያው ራሱ ወደ 3 ነጥብ የሚጠጋ የስህተት ስፋት አለው።

ይባስ ብሎ ደግሞ በ2013 የታተመ አንድ ሙከራ አለ። ዳንኤል መሪ እና ባልደረቦቻቸው ከ100 በላይ የፍርድ ቤት ሳይኮሎጂስቶችንና የአእምሮ ሐኪሞችን ቀጠሩ። ግማሾቹ ለዐቃቤ ሕግ፣ ግማሾቹ ለተከላካይ ጠበቃ የሚሠሩ መስሏቸዋል። የተሰጣቸው ግን ያው አንድ ዓይነት ፋይል ነው። ዐቃቤ ሕግ የቀጠራቸው የመሰላቸው ከፍ ያለ ነጥብ ሰጡ፣ የጠበቃው ወገን ነን ያሉት ዝቅ ያለ። ማንም አልተደለለም፣ ማንም እንዲህ አድርጉ አላላቸውም። በ2020 ደግሞ የባለሙያዎች ቡድን ተሰብስቦ የሄርን ነጥብ በሞት ቅጣት ጉዳይ ላይ «እስር ቤት ውስጥ ከባድ ጥቃት ይፈጽማል» ለማለት መጠቀም ሳይንሱ አይደግፈውም ሲል በጽሑፍ አሳወቀ።

«አይድኑም» ይባላል፤ እውነት ነው?

ይህ አባባል ምንጭ አለው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በካናዳ ኦንታሪዮ ኦክ ሪጅ በሚባል ጥብቅ ጥበቃ ያለው የአእምሮ ሕክምና ተቋም ውስጥ የሚገርም ሙከራ ተካሄደ። ታካሚዎች ራቁታቸውን ሆነው በቡድን ለቀናት አንድ ክፍል ይቆለፍባቸዋል፣ ምግባቸውን በግድግዳው በኩል በገባ ቱቦ ይወስዳሉ፣ ኤልኤስዲ የሚባለው አደንዛዥ ዕፅም ይሰጣቸው ነበር። ዓላማው «እርስ በርስ እንዲተዋወቁና ስሜታቸው እንዲከፈት» ነው። በ1992 የታተመ ክትትል ከዚያ የወጡት ሳይኮፓቶች ይህን ሕክምና ካላገኙት መሰሎቻቸው የበለጠ የኃይል ወንጀል እንደፈጸሙ አሳየ። ዓለምም «ሕክምና ያብሳቸዋል» ብሎ ደመደመ። እንዴ! ያ ሕክምና ማንን ያሽላል?

በ2011 ሊሊየንፌልድ ከስኪም፣ ከፓትሪክና ከዴቨን ፖላሼክ ጋር በጻፉት ሰፊ ግምገማ ይህን ድምዳሜ ተቃውመዋል። ከጠቀሷቸው ማስረጃዎች አንዱ የዊስኮንሲኑ ሜንዶታ የወጣቶች ማዕከል ነው። ከባድ ጥፋት የፈጸሙና የሳይኮፓቲ ምልክት የሚታይባቸው ወንድ ልጆች እዚያ ጠንካራ ክትትል ያለው ሕክምና ሲያገኙ፣ ወደ ተለመደው የወጣት ማረሚያ ከሄዱት አቻዎቻቸው ይልቅ ወደ ከባድ ወንጀል የመመለሳቸው ነገር በግልጽ ቀንሷል። ሙሉ በሙሉ ድነዋል አይባልም። ግን «አይድኑም» ከተባለና በሩ ከተዘጋ እኮ እነዚህ ልጆች ማዕከሉም አይደርሱም ነበር።

አንድ የምትገርማችሁ ነገር ደግሞ፣ «ሳይኮፓቲ» የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በሚያወጣው የምርመራ መመሪያ ውስጥ ራሱን የቻለ ይፋዊ የበሽታ ስም አይደለም። ያለው «ፀረ ማኅበራዊ የስብዕና ቀውስ» የሚል ሰፋ ያለ ስም ነው፤ እሱም ባብዛኛው በድርጊት የሚለካ ነው። ብዙ እስረኞች ይህን ስም ያገኛሉ፣ የሄር ሚዛን ላይ ግን 30 አይደርሱም።

ሊሊየንፌልድ ከሳይኮፓቲ ውጭም ዝም ያሉ ሰው አልነበሩም። የቀለም ነጠብጣብ አሳይቶ ስብዕና እናነባለን የሚለውን የሮርሻክ ፈተና የሚተች መጽሐፍ ከባልደረቦቻቸው ጋር ጽፈዋል፣ በ2010 ደግሞ ሕዝብ ስለ ሥነ ልቦና የሚያምናቸውን 50 የተሳሳቱ ነገሮች የሚያፈርስ ሌላ መጽሐፍ አውጥተዋል። በቆሽት ካንሰር ታመው መስከረም ወር 2020 ማብቂያ ላይ በ59 ዓመታቸው አረፉ።

የሳቸውም ሆነ የሄር መሣሪያ በነጻ ኢንተርኔት ላይ የሚሞላ አይደለም። የሚሸጡት በሙያው ለሠለጠኑ ሰዎች ነው፤ የሄርን ለመጠቀም ሥልጠናውም ብቻውን ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ ቲክቶክ ላይ ያገኛችኋት ባለ 10 ጥያቄ ነገር ከሁለቱም ጋር ዝምድና የላትም። የኛዋን «አደገኛ» ልጅም ይህን ነግረናት፣ «እና እኔ ምንድነኝ?» ብላ ጠየቀችን። ሻይ ጋብዘን ዝም አሰኘናት።